መዝገብ ያለው ሱቅ፦ ስልካችን ለንግዳችን ምን ይሠራልናል?



ከክፍል ስወጣ ብዙ ጊዜ የሚያስቆሙኝ ተማሪዎች ሳይሆኑ ወላጆቻቸው ናቸው። «መምህር፣ እስቲ ይቺን ስልክ እያት» ይሉኛል። አንዱ ሱቅ አለው፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ታከፋፍላለች፣ ሌላው ስልክ ይጠግናል ወይም ፀጉር ይቆርጣል። ጥያቄው ግን ተመሳሳይ ነው፦ «ለኔ ሥራ የሚጠቅም ጥሩ አፕ የቱ ነው?» ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለሁሉም በአንድ ላይ ለመመለስ ነው።

የምጽፈው ከካኩማ፣ ኬንያ ስለሆነ ምሳሌዎቼ የዚህ አገር ናቸው። ኡጋንዳ ያላችሁ በኤምፔሳ ፈንታ ኤምቲኤን ሞሞን ወይም ኤርቴል መኒን፣ ሱዳን ያላችሁ ባንካክን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈናቅላችሁ ያላችሁ ደግሞ ቴሌብርን አስቡ። የቁልፎቹ ቦታ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

የካኩማ ንግድ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በመጠለያውና አጠገቡ ባለው ከተማ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉና የገበያው መጠን በዓመት ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ቀንሶ ራሽን ሲቆረጥ ግን ደንበኛው እጁ አጠረ፣ ዱቤ በዛ፣ ብዙ ሱቅ ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስልካችን ሊረዳን የሚችለው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ከሁሉም መሣሪያ የሚቀድመው መዝገብ ነው። ለምን ቢባል፣ እኛ ለብድር የምናስይዘው የቤት ካርታ የለንም። ሱቁ የቆመበት መሬት የኛ አይደለም። ነገ ወደ ሌላ አገር ብንሄድ ወይም ወደ ሌላ መንደር ብንዛወር ቆርቆሮውን ነቅለን አንሄድም። ይዘነው ልንሄድ የምንችለው፣ ለአበዳሪም ለሽርክም «እኔ ነጋዴ ነኝ» ብለን ልናሳይ የምንችለው ማስረጃ የሥራችን መዝገብ ነው። ስለዚህ አንድን አፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ጠይቁ፦ መዝገቤን ያጠናክርልኛል ወይስ ዳታዬን ብቻ ይበላል?

1. ገንዘቡ የት ገባ?

ብዙ ነጋዴ «ስሸጥ እውላለሁ፣ ማታ ግን ኪሴ ባዶ ነው» ይላል። ምክንያቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ በእናንተ ዋጋ ተኩት።

አንድ ባለሱቅ 50 ኪሎ ስኳር በ7,000 ሽልንግ ገዛ እንበል። ኪሎውን በ170 ይሸጣል። 50 ሲባዛ በ170፣ 8,500 ይሆናል። ስለዚህ በጭንቅላቱ «1,500 አተረፍኩ» ይላል። ግን የመኪና ጭነት 300፣ የቦዳቦዳ 100 ከፍሏል፤ ስለዚህ ስኳሩ የፈጀበት 7,400 ነው። ሲመዝንና ሲደፋ አንድ ኪሎ ጎደለ፤ የሸጠው 49 ኪሎ፣ ማለትም 8,330 ሽልንግ ነው። ትክክለኛ ትርፉ 930 ብቻ ሆነ። ከዚያ ላይ 10 ኪሎውን በዱቤ ሰጥቷል፤ 1,700 ሽልንግ ሰው እጅ ላይ ነው። በእጁ የገባው 6,630 ነው። እንግዲህ አትርፏል፣ ግን የሚቀጥለውን ስኳር በዚያው ወጪ ለማምጣት 770 ሽልንግ ይጎድለዋል። ሱቅ የሚዘጋው ሁልጊዜ በኪሳራ አይደለም፤ በወረቀት ላይ እያተረፈ በእጅ ላይ ገንዘብ አጥቶም ይዘጋል።

ይህን ለማየት ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ደብተር አትናቁ፤ ቻርጅ አይፈልግም። ስማርት ስልክ ያለው ደግሞ ጎግል ሺትስ የሚባለውን ነፃ አፕ ይጠቀም። ልክ እንደ ሒሳብ ደብተር መስመርና ዓምድ አለው። እኔ የማሳየው ስድስት ዓምድ ነው፦ ቀን፣ ዕቃው፣ ብዛት፣ የወጣ ገንዘብ፣ የገባ ገንዘብ፣ ዱቤ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አታብዙት። ቁጥሮቹን በጣታችሁ ስትመርጡ ድምሩን ከታች በኩል ያሳያችኋል። ፋይሉን «ከመስመር ውጭ» እንዲከፈት ካደረጋችሁት ኔትወርክ በሌለበትም ትጽፋላችሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ያስቀምጠዋል።

ሁለት ነገር እንዳትረሱ። አንደኛ፣ ከሱቁ አንስታችሁ ቤት የበላችሁትን ጻፉ። ለልጆች የተወሰደ ዘይትና ዱቄት ካልተጻፈ ሱቁ የሚከስር ይመስላችኋል፣ ወይም በተቃራኒው ቤተሰቡ ስንት እንደሚፈጅ አታውቁም። ሁለተኛ፣ እንጀራ የምትጋግሩ እናቶችና እህቶች ዱቄቱን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከሰሉም፣ ውሃውም፣ የተበላሸውም እንጀራ ወጪ ነው። የአንድ እንጀራ ዋጋ የሚወሰነው ሁሉም ከተደመረ በኋላ ነው።

2. ዱቤ ሁለት ምስክር ይኑረው

ያለ ዱቤ ካኩማ ላይ መነገድ አይቻልም። ደንበኛው ገንዘብ እስኪገባለት መብላት አለበት፣ እናንተም ደንበኛውን ማጣት አትፈልጉም። ጠቡ የሚመጣው ከዱቤው ሳይሆን «እኔ የወሰድኩት ይህን ያህል አይደለም» ከሚለው ነው። በአንድ ሰው ደብተር ላይ ብቻ የተጻፈ ዕዳ አንድ ምስክር ብቻ አለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዱቤ በሰጣችሁ ቁጥር ወዲያው ለደንበኛው አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዛሬ 2 ኪሎ ስኳር፣ 340 ሽልንግ። ከበፊቱ ጋር ጠቅላላ ዕዳ 1,200።» እሱም «እሺ» ብሎ ይመልስ። አሁን ቀኑም፣ መጠኑም፣ የሱም ቃል በሁለት ስልክ ላይ ተቀምጧል። ዋትስአፕ ከሌለው ተራ የጽሑፍ መልእክት ይሠራል። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩለት፤ በራሱ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የባለ ዕዳ ስም በግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ሰውን ማዋረድ ገንዘቡን አያስመልስም፤ ጎረቤትን ግን ያሳጣል። ራሽን የሚቀበልበትን ሲም ወይም ካርድ መያዣ አድርጎ መውሰድም ትክክል አይደለም፤ የዚያ ቤተሰብ ምግብ ነው።

3. የሚገባው ገንዘብ በራሳችሁ ስም ይግባ

ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራ ስልክም በ*334# ይሠራል። ሁላችንም ለመላክና ለመቀበል እንጠቀምበታለን፣ ግን እንደ መዝገብ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። በኤምፔሳ የተከፈላችሁ እያንዳንዱ ሽልንግ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የከፋዩን ስም ይዞ ይቀመጣል። የወራት ዝርዝሩን ጠይቃችሁ በኢሜይል ማግኘት ትችላላችሁ። አበዳሪ ፊት ስትቀርቡ ይህ ዝርዝር ከመቶ መሐላ ይበልጣል።

ችግሩ የግልና የሱቅ ገንዘብ ሲደባለቅ ነው። ወንድም ከውጭ የላከው፣ ከደንበኛ የገባው፣ ለጎረቤት የተላከው ሁሉ አንድ ላይ ከሆነ ዝርዝሩ የማንንም ንግድ አያሳይም። ለዚህ «ፖቺ ላ ቢያሻራ» የሚባል አገልግሎት አለ። በስዋሂሊ «የንግድ ቦርሳ» እንደማለት ነው። በዚያው ሲም ላይ ከግል ኤምፔሳችሁ የተለየ ኪስ ይከፍትላችኋል። ለጉልት፣ ለቡና ቤት፣ ለቦዳቦዳ ለመሳሰሉት ትናንሽ ሥራዎች የታሰበ ነው። ሌላ ጥቅምም አለው፦ ዕቃውን ወስዶ ሄዶ «በስህተት ነው የላክሁት» ብሎ ገንዘቡን ሊያስመልስ የሚሞክር ገዢ ያለ እናንተ ፈቃድ እንዳያስመልስ ይከላከላል። ተለቅ ያለ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ የ«ሊፓ ና ኤምፔሳ» የመክፈያ ቁጥር መጠየቅ ትችላላችሁ። የአገልግሎት ክፍያውን ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቃችሁ ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ሲም በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ነው። ስንመጣ ወረቀት አልነበረንም፣ አንድ የሚያውቀን ሰው አወጣልን። ያ ሲም ሲጠፋ የሚያስመልሰው እሱ ነው፤ የገንዘቡ ዝርዝር የሚወጣውም በሱ ስም ነው። አምስት ዓመት ነግዳችሁ መዝገቡ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። የስደተኛ መታወቂያ፣ ኤሊየን ካርድ የምንለው፣ ያለው ሰው ሲምና ኤምፔሳ በራሱ ስም ማስመዝገብ ይችላል። ካርዱ እጃችሁ ላይ ካለ ይህን የሳምንቱ የመጀመሪያ ሥራ አድርጉት።

4. ዋትስአፕ ቢዝነስ

ከተራው ዋትስአፕ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ለነጋዴ የተሠራ ነፃ አፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ በሁለቱም አፕ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ሁለት ሲም ካላችሁ አንዱን ለሱቁ ብቻ አድርጉት።

ከውስጡ የሚጠቅሙን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ካታሎግ ነው። የዕቃችሁን ፎቶ፣ ስምና ዋጋ አንድ ጊዜ ታስገባላችሁ፤ ከዚያ ደንበኛ ሁሉ «ምን አለህ? ስንት ነው?» ሲል ፎቶ ደጋግማችሁ አትልኩም። በርበሬና ሽሮ ከናይሮቢ ኢስሊ የምታስመጣ እህት፣ ጭነቱ በደረሰ ቀን ካታሎጓን አስተካክላ አንድ ሊንክ ብትልክ ይበቃታል። ዕቃ ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ከካታሎጉ አውጡ። አለ ተብሎ አቧራ ውስጥ ተጉዞ የመጣ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለተኛው አውቶማቲክ መልስ ነው። ሱቅ ስትዘጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄዱ «አሁን ዝግ ነን፣ 10 ሰዓት እንከፍታለን» የሚል መልእክት ራሱ ይልካል። ሰዓት ስትጽፉ ግን አስቡበት። እኛ 10 ሰዓት ስንል ከቀኑ 10 ነው፤ ኬንያዊ፣ ሶማሊያዊ ወይም ደቡብ ሱዳናዊ ደንበኛ በእንግሊዝኛ ሲያነበው ጠዋት 4 ሰዓት ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛው ምልክት፣ በእንግሊዝኛው ሌብል የሚሉት ነው። ደንበኞችን «አዲስ ትእዛዝ»፣ «ክፍያ የሚጠበቅ»፣ «የከፈለ» ብላችሁ በቀለም ትለያላችሁ። ከላይ ስለ ዱቤ ያልኩትን ከዚህ ጋር አያይዙት፤ «ክፍያ የሚጠበቅ» የሚለውን ስትነኩ ያልከፈሉት ሁሉ በአንድ ላይ ይወጣሉ።

ዳታ ለመቆጠብ፣ በቅንብሩ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። የግሩፕ ቪዲዮ ነው የነጋዴውን ባንድል የሚጨርሰው።

5. አድራሻ ለሌለው ሱቅ አድራሻ

የኛ ሱቅ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የለውም። «ከውሃ ታንከሩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» እንላለን። ከሎድዋር ወይም ከኪታሌ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሾፌር ይህ አይበቃም። ጎግል ማፕስ ላይ ሱቃችሁ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ብትቆዩ ቀይ ምልክት ይወጣል፤ ከሥሩ «ፕላስ ኮድ» የሚባል አጭር የፊደልና የቁጥር ጥምር ታያላችሁ። መንገድ ለሌለበት ቦታ ጭምር እንዲሠራ የታሰበ አድራሻ ነው። ያንን ኮድ ኮፒ አድርጋችሁ ለሾፌሩ ወይም ለደንበኛው ላኩ፣ እሱም ካርታው ላይ ሲጽፈው በርችሁ ላይ ያደርሰዋል። ሱቁን በስሙ ለማስመዝገብ የፈለገ ደግሞ ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነፃ ይከፍታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎቻችን ከአንድ ነገር ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን። ማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው በስሙና በፊቱ መታየት የለበትም። ለሱቁ የሱቅ ስም ስጡት፣ ሙሉ ስማችሁን አትጻፉ። የዕቃውን ፎቶ አንሱ፣ የልጆችን ፊት አታንሱ። የመኖሪያ ቤታችሁን ኮድ አትላኩ። የመታወቂያና የራሽን ካርድ ፎቶ የትም አይለጠፍ።

6. ዋጋና ቋንቋ

ጅምላ ሻጭ «ሽንኩርት ተወደደ» ሲላችሁ እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? የኬንያ ግብርና ሚኒስቴር ካሚስ የሚባል የገበያ መረጃ ድረ ገጽ አለው። የበቆሎ፣ የባቄላ፣ የሽንኩርት፣ የድንች እና የመሳሰሉትን የጅምላና የችርቻሮ ዋጋ በየገበያው ያስቀምጣል። ሲያዩት ቀኑን አብራችሁ እዩ፣ አንዳንዱ ዋጋ የቆየ ሊሆን ይችላል። ለዘይት፣ ለሳሙና፣ ለዱቄት ደግሞ እንደ ናይቫስ ያሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ። የናይሮቢ ዋጋ የካኩማ ዋጋ አይደለም፤ ጭነት አለበት። ግን መነሻውን ካወቃችሁ በጭነት ሰበብ የተጨመረውን ትለያላችሁ፤ ለመከራከርም አፍ ይኖራችኋል።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛን ደግሞ በ2022። ስዋሂሊ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛም አሉት። ለአጭር ነገር ጥሩ ነው፦ «ነገ ጠዋት ይደርሳል»፣ «የቀረው 500 ሽልንግ ነው»። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትሰጡት ግን ይሳሳታል። ለክፍል ተማሪዎቼ የምነግራቸውን ዘዴ ለእናንተም ልንገራችሁ፦ የተረጎመላችሁን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት። ያሰባችሁት ሐሳብ ካልተመለሰ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩና እንደገና ሞክሩ። ውልና የብድር ወረቀት ግን በማሽን ትርጉም ብቻ አይፈረምም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ።

የዋጋ ዝርዝር ለግድግዳ ወይም ለዋትስአፕ ስታተስ ማዘጋጀት የሚፈልግ ካንቫ የሚባለውን መጠቀም ይችላል፤ ነፃ ክፍሉ ይበቃል። ዝርዝሩን በአማርኛ ብቻ አታድርጉት፤ ገበያው የሁሉም ነው።

7. በነፃ መማሪያ

ንግድ በተፈጥሮ ብቻ አይመጣም፣ ይማሩታል። ኤችፒ ላይፍ የሚባል ድረ ገጽ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ትርፍና ኪሳራ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ አጫጭር ትምህርቶችን በነፃ ይሰጣል፤ ስትጨርሱም ምስክር ወረቀት አለው። በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ይገኛል። አማርኛ የለውም። ስለዚህ አንድ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ አብሮ ይቀመጥ፤ ልጁ ቋንቋውን፣ እናትየው ንግዱን ታውቃለች። በዚህ መንገድ የተማሩ ሁለት ሰዎች ብቻውን ከተማረ አንድ ሰው ይሻላሉ።

8. ብድርና ወጥመድ

መዝገብ ሲኖራችሁ በር ይከፈታል። ካኩማ ውስጥ ኢኩዊቲ ባንክ አለ፤ እንደ ኢንኮሞኮ ያሉ ድርጅቶችም ለስደተኛና ለአካባቢው ነጋዴ ሥልጠናና ብድር ይሰጣሉ። ማንም ቁም ነገረኛ አበዳሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በወር ስንት ትሸጣለህ?» ብሎ ነው። የስድስት ወር ሺት እና የኤምፔሳ ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ።

በተቃራኒው ስልካችሁ ላይ «በ2 ደቂቃ ብድር» እያሉ የሚመጡ አፖች አሉ። አንዳንዶቹ ስልክ ውስጥ ያለውን የስም ዝርዝር ወስደው፣ ስትዘገዩ ለዘመድ ለደንበኛ ሁሉ እየደወሉ ያዋርዳሉ። በዚህ ምክንያት የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ደንብ አውጥቶ ለዲጂታል አበዳሪዎች ፈቃድ መስጠት ጀምሯል፤ ፈቃድ ያላቸውን ስም ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ስሙ እዚያ ከሌለ አትንኩት። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ወለዱን በሽልንግ አስሉ፦ 1,000 ተበድራችሁ በወሩ 1,100 የምትመልሱ ከሆነ፣ በዚያ 1,000 የምትገዙት ዕቃ በወር ውስጥ ከ100 በላይ ማትረፍ አለበት። ካላተረፈ የምትሠሩት ለአበዳሪው ነው። ብድር ለመስጠት ወይም «ለምዝገባ» መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ የሚል ሁሉ ደግሞ ሌባ ነው።

የኤምፔሳ ማጭበርበርንም እወቁ። የተለመደው ሐሰተኛ መልእክት ነው፤ «2,000 ተቀብለዋል» ይላል፣ ከዚያ ሰውዬው ደውሎ «በስህተት ነው፣ እባክህ መልስልኝ» ብሎ ይለምናል። መልእክቱን አትመኑ፤ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ገንዘቡ በእውነት ገብቶ ከሆነም ራሳችሁ አትመልሱ፤ ላኪው ራሱ በሕጋዊው መንገድ ያስመልስ። እናንተ ተሳስታችሁ ከላካችሁ የደረሳችሁን የማረጋገጫ መልእክት ወዲያው ወደ 456 አስተላልፉ። ሳፋሪኮም ለደንበኛ የሚደውለው ከ0722 000 000 ነው፤ ከሌላ ቁጥር ደውሎ «ከሳፋሪኮም ነኝ፣ ፒንህን ንገረኝ» የሚልን ዝጉበት። ፒን ለማንም አይነገርም፣ ለመምህርም ቢሆን። እኔ ራሴ ስረዳችሁ ፒን ስትጽፉ ፊቴን አዞራለሁ።

9. ስልኩ ቢጠፋስ?

ገበያ ውስጥ እሳት ይነሳል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ዝናብ ይገባል። ጎግል ሺትስ ላይ ያለው መዝገብ የሚቀመጠው በጂሜይል አካውንታችሁ ስለሆነ፣ ኔትወርክ አግኝቶ እስከተቀመጠ ድረስ በሌላ ስልክ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ግን የጂሜይል ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ማወቅ አለባችሁ። ስልኩን የሸጠላችሁ ልጅ የከፈተላችሁ፣ የይለፍ ቃሉን እሱ ብቻ የሚያውቀው አካውንት የእናንተ አይደለም፤ አዲስ ክፈቱ። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ባለ ስድስት አኃዝ «የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባለውን አብሩ፤ ሌላ ሰው ቁጥራችሁን ወስዶ በስማችሁ ከደንበኞቻችሁ ገንዘብ እንዳይለምን ይከላከላል። በደብተር የምትጽፉ በየሳምንቱ ገጹን ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። ያም መጠባበቂያ ነው።

ከየት ልጀምር?

ሁሉንም ዛሬ አትሞክሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲሙን በስማችሁ አድርጉ፣ በደብተርም ቢሆን ስድስቱን ዓምድ መጻፍ ጀምሩ። በሁለተኛው ሳምንት ለዱቤ ሁሉ መልእክት ላኩ። በሦስተኛው የሱቁን ገንዘብ ከግሉ ለዩ። ዋትስአፕ ቢዝነስና ካርታው በአራተኛው ይደርሳሉ። የራሳችሁ ድረ ገጽ፣ በገንዘብ የሚገዛ ማስታወቂያና በየወሩ የሚያስከፍል አፕ ለጊዜው አያስፈልጋችሁም፤ በዚያ ገንዘብ ስኳር ግዙበት።

ስማርት ስልክ የሌለው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነኝ ብሎ አያስብ። *334#፣ ተራ የጽሑፍ መልእክትና ባለ 50 ሽልንግ ደብተር ከላይ ካልኩት ዋናውን ይሠራሉ። ከወሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጣችሁ ደምሩና ሦስት ቁጥር ብቻ ፈልጉ፦ ስንት ሸጥኩ፣ ስንት አወጣሁ፣ ስንት ሰው እጅ ላይ አለ። እነዚህን ሦስቱን ሳያመነታ የሚመልስ ነጋዴ ከየትኛውም አበዳሪ ወይም ጅምላ ሻጭ ፊት ቀና ብሎ ይቀመጣል።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።